ወደ ሰሌዳ ያልተጠራሁበት ዓመት

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ጢሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ሲጀምር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጠዋት መቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ማዶ ባለው ሁለተኛ ደረጃ የኋለኛው ዴስክ ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። በሁለቱ መሃል ቤቴ ገብቼ ምሳ እቀምሳለሁ። ባለቤቴ ደብተሬን እያቀበለችኝ «በል እንዳትረብሽ፣ መምህርህን አዳምጥ» ትለኛለች፤ ልጆቼ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል እንጂ አይወርድልኝም ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜው ትምህርት ቤት ሲሄድ እንዲህ እንደሚፈራ ማንም አልነገረኝም።

ወድጄ አልተመለስኩም። እኔ ስቀጠር በኢሉባቦር ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሊቅ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት በየቦታው ሲከፈት አስተማሪ ጠፍቶ፣ ጎሬ ስምንተኛን ጨርሰን የክረምት ኮርስ ቢጤ የወሰድነውን ሁሉ ጠመኔ እያስያዙ በየገጠሩ በተኑን። ኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። አንድ ቀን ዲሬክተራችን ስብሰባ ጠርቶ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ አነበበልን። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የመልቀቂያ ፈተናውን ያላለፈ መምህር ከማስተማር ሥራው ይነሳል ይላል። ዲሬክተሩ «ይነሳል» የምትለውን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያነበባት። እኔ ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። እርሻ የለኝ፣ ንግድ አልችል። አባቴ ከሸዋ መጥቶ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሞተ ሰው ነው፤ ያወረሰኝም ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዕለት ኮት ለብሼ ክራቫት አስሬ ሄድኩ፤ ሌላ ደህና ልብስ አልነበረኝማ። በሩን ከፍቼ ስገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። ግማሾቹ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። እኔም ልማድ ሆኖብኝ «ተቀመጡ» አልኳቸው። ከዚያ መሃላቸውን ሰንጥቄ አልፌ የኋለኛው ዴስክ ላይ ቁጭ ስል፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቴ ከሥሩ አይገባም፤ ጎኔን ሰጥቼ እንደ ሴት በቅሎ ጋላቢ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ሁለተኛ አልሄድም አልኳት። እሷም «እሺ፣ ነገ አትሂድ። ከነገ ወዲያ ምን ልንበላ ነው?» አለችኝ። ሄድኩ።

ሦስት ዓመት እንደምንም ተገፋ። ሒሳብ የሚያስተምረን አንድ ሕንዳዊ ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሰው የማይለይ ሰው። ጠመኔውን እንደ ጠመንጃ ይደግንና «ዩ!» ይላል። ዩ የተባለው ይነሳል፣ ሰሌዳው ላይ ይሠራል፣ ከተሳሳተ ይሰደባል። እኔንም እንደ ልጆቹ ዩ ይለኝ ነበር። በየጊዜው ላብ ያጠምቀኛል፤ ግን ለሁሉም እኩል ስለሆነ እችለው ነበር። ከሒሳቡ መቶ ማርክ ዘጠናው ከጽሑፍ ፈተና ነው፤ አሥሩ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ከመሥራት። ሃምሳ ያልሞላለት መልቀቂያ ፈተናው ላይ አይቀመጥም። ይህንን ሕግ የትምህርት ቤቱ ድመት እንኳን ታውቀው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ስንገባ ሕንዳዊው አገሩ ተመለሰ። በምትኩ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጋ ያለ፣ ከንፈሩን ነክሶ የሚያዳምጥ ልጅ። ገብቶ ስሙን ከነአባቱ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የራሱ ስም የኦሮሞ ስም ነው፤ አላወቅኩትም። የአባቱን ስም ሳነብ ግን ልቤ ቀጥ አለች። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ያ ግንባር፣ ያ ሰፋ ያለ ዓይን። ወዲያው አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ቀን የተማርነውን አንድም ቃል አልሰማሁም።

ለምን እንደ ደነገጥኩ ልናገር። መምህርነት የጀመርኩት ያዮ አካባቢ፣ ቡና ጫካ መሃል በቆመች አንዲት ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አለንጋ ከጠመኔ እኩል እይዝ ነበር። ደንቡ ክፍል ውስጥ ከአማርኛ ሌላ አይነገርም የሚል ነው። ልጆቹ ደግሞ ከእናታቸው ጓዳ ኦሮምኛ ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ስማቸውንም መዝገብ ላይ ስጽፍ ለአፌ አልመች ያለኝን በአማርኛ ስም እለውጠው ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርግ ነበር፤ ነውር መሆኑም አልታየኝም። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር፤ ለእሱም ስም አወጣሁለት። አንድ ቀን በትምህርት መሃል ተነሳና በኦሮምኛ ሽንቴ መጣ፣ ልውጣ አለኝ። «በአማርኛ ተናገር» አልኩት። አያውቅም። ቆመ። እኔም ትምህርቴን ቀጠልኩ። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ ዝም አልኩት። ኋላ የቆመበት መሬት ረጠበ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ሳላፍር እሱን ገረፍኩት። በማግስቱ አልመጣም። መዝገቡ ላይ «አቋርጧል» ብዬ ጻፍኩና ሌላ ስም ጠራሁ።

አንድ ነገር አልደብቅም። ያለውን ሰምቼዋለሁ። እናቴ የዚሁ አገር ሴት ናት፤ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። ልጁ የለመነኝ በእናቴ ቋንቋ ነበር።

እንግዲህ የመምህሩ የአባት ስም የዚያ ልጅ የአባት ስም ነው። ፊቱም ፊቱ ነው። የራሱ ስም ባይገጥምም አልገረመኝም፤ እኔ የለጠፍኩበትን ጥሎ የራሱን መልሶ ይዞ ነው አልኩ። የልጁን እውነተኛ ስም ደግሞ ጨርሶ ረስቼው ነበር። አሁን ሥራዬም፣ የልጆቼ እንጀራም፣ ሁሉም በዚያ ልጅ እጅ ገባ ማለት ነው። ቂሙን እስኪወጣብኝ መጠበቅ ጀመርኩ።

እሱ ግን አይጠራኝም። ክፍለ ጊዜ በገባ ቁጥር በመዝገቡ ተራ ተማሪዎቹን ወደ ሰሌዳው ያወጣል። ከእኔ በፊት ያለችውን ልጅ ይጠራል፤ እኔ ጉልበቴን ከዴስኩ እያላቀቅኩ ስዘጋጅ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ልጅ ይጠራል። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ እንደ ተቃጠለ ሰው ይሸሻል። መጀመሪያ ላይ ግልግል መሰለኝ። ወር ሲያልፍ ገባኝ። አሥሩን የሰሌዳ ማርክ ሊያስቀርብኝ ነው። ክንዱን ሳያነሳ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ዝም ብሎ እንደማያየኝ ሆኖ ሊጥለኝ ነው። እኔስ ዝም አላልኩትም? ያን ጊዜ ያስተማርኩት ይህንኑ አይደል?

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ምን እንደሚመስሉ መናገር ይከብደኛል። ጠዋት ተማሪዎቼን ሳስተምር እጄ ላይ ያለው ልምጭ ያስፈራኝ ጀመር፤ አንድ ቀን ቁምሳጥኑ ኋላ ወረወርኩት። ባለቤቴ «ይሄ ልጅ ምን አደረገህ? ጥሩ ሰው ነው ይላሉ» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ ብላ እንዳታየኝ እሷንም ፈራኋት። ሌላው የክፍሉ ተማሪ እንዳልተጠራሁ ልብ ማለት ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ እርስዎማ ተፈቅዶልዎታል» አለኝ። ፈገግ አልኩለት። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ እንደቀረ ትዝ ይለኛል።

ፋሲካ አልፎ የጽሑፍ ፈተናዎቹ ሲደመሩ ከዘጠናው አርባ ስድስት አገኘሁ። በሰሌዳ አራት ማርክ ባገኝ እተርፋለሁ። ባዶ ከሆነ ግን አበቃ። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ የመቱ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ እረፍት አያውቅም። አንድ ሱቅ ጀርባ የተከራየው ክፍል በር ላይ ስደርስ ጫማዬ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። ሦስት ጊዜ ለማንኳኳት እጄን አንስቼ ሦስት ጊዜ መለስኩ። በአራተኛው በሩን ራሱ ከፈተው፤ በመስኮት አይቶኝ ኖሯል።

«ውይ፣ ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ፣ በዝናብ!»

ያለችውን አንዲት ወንበር ለእኔ ሰጥቶ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔም አንተ ልለው አልቻልኩ፣ መምህሬ ነው፤ እሱም አንተ ሊለኝ አልቻለም፣ ሽማግሌው ነኝ። እርስዎ እርስዎ እየተባባልን ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን። ከዚያ አወጣሁት።

«ለምንድን ነው የማይጠሩኝ?»

«ወዴት?»

«ወደ ሰሌዳው።»

አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀላ። «ጋሼ፣ አፍሬ ነው» አለ። «እርስዎን የሚያህል ሰው፣ ያውም መምህር፣ በልጆች ፊት ተነስ ውጣ ልበል? አባቴ ቢሰማኝ ምን ይለኛል? መዝገቡ ላይ ስምዎ ጋ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ ይለኛል። ማርኩም ያስጨንቀኛል። ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ነው የከረምኩት።»

ለካ ይሄ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ቂም ነው ብዬ የፈራሁት ነገር አክብሮት ኖሯል። ሕንዳዊው የአገራችንን ወግ ስለማያውቅ ዩ ብሎኝ አስተማረኝ። የእኛው ልጅ ወጉን ጠብቆ ሊጥለኝ ነበር። መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን አልሳቅሁም። ይልቁን ያልጠየቀኝን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ያዮን፣ የቆመውን ልጅ፣ የረጠበውን መሬት፣ አለንጋውን። «ያን ቀን እርስዎን…» ስል አቋረጠኝ።

«እኔን?» አለ። «እኔ እርስዎ ዘንድ ተምሬ አላውቅም። እኔ ያደግኩት ጎሬ፣ አጎቴ ቤት ነው።» ከንፈሩን ነከሰ። «እሱ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛ ልጄን እዚያ አላስገባም ብሎ እኔን ጎሬ ላከኝ። ወንድሜ ግን እንቢ አለ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሲሰማ ጫካ ይገባ ነበር።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ያውቁታል እኮ፣ ጋሼ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ገበያ ማር የሚሸጥልዎት እሱ ነው።»

ወንበሩን ጨበጥኩ። ያንን ሰው አምስት ዓመት አውቀዋለሁ። ጢማም፣ ዝምተኛ፣ ጣሳውን ሞልቶ ደግሞ በላዩ የሚጨምር። ሌላ ነጋዴ ስለ ዋጋ ሲጨቃጨቅ እሱ ዝም ብሎ ይሰፍርልኛል። ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የማናግረው፤ እሱ ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል። አምስት ዓመት ሙሉ ማሩን ከልጆቼ ጋር በልቻለሁ።

«ያውቀኛል?» ስል ድምፄ የራሴ አልመስልህ አለኝ።

«መጀመሪያ የገዙት ዕለት ነው ያወቀዎት።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ከበፊቱ ይልቅ ፈርቼ ነበር። እስከዚያ የፈራሁት የሚበቀለኝን ሰው ነው። አሁን ግን የሚበቀል ሰው የለም።

ማክሰኞ ዕለት መዝገቡን ገልጦ የእኔ ስም ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡ» አለ። ከዴስኩ እስከ ሰሌዳው ያለው መንገድ ጎሬ ድረስ የሚያስኬድ መሰለኝ። ጠመኔ አሥራ አራት ዓመት ይዣለሁ፤ ያን ቀን ግን ገና ስነካው ተሰበረ። የወደቀውን ስብርባሪ ጎንበስ ብዬ ሳነሳ አንዱ ሳቀ። የመጀመሪያዋን መስመር ጻፍኩ። ጽሑፌ የሚያምር፣ ስሌቱ የተሳሳተ። አጠፋሁት። ሁለተኛውን ጀመርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሮቹ ይዋኛሉ። ድንገት ሽንቴ ወጠረኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰው፣ ኮትና ክራቫት ያደረግኩ፣ እግሬን አጣብቄ በልጆች ፊት ቆምኩ። ልውጣ ብል ይፈቅድልኛል፤ አውቃለሁ። ግን አፌ አልከፈትልህ አለኝ። ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። እኔ አንድ ጊዜ እንኳን መጠየቅ አቃተኝ።

መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆመ። እንዳያፍርብኝ ብሎ አልነበረም፤ እንዳላፍር ብሎ ነው። ጊዜ ሰጠኝ። መልሱ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጨርሼ ስዞር የሠራሁትን አየ፣ አንዷን መስመር በቀይ ጠመኔ አሰመረባትና «ስድስት» አለ። አላዳላልኝም። ሰላምታ ሳልሰጥ ከክፍሉ ሮጬ ወጣሁ፤ ያን ቀን ስለ ሌላ ነገር ማሰብ የቻልኩት ከሽንት ቤት ስወጣ ነው።

ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ። ክረምቱን ሙሉ ውጤት ስንጠብቅ ገበያ አልሄድኩም። ማሩን ባለቤቴ ታምጣ አልኳት። አንድ ቅዳሜ ተመልሳ «ያ ማር ሻጭህ ጠየቀኝ፤ መምህሩ አሞታል ወይ አለ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡን ሰበብ አደረግኩ፤ በዚያ በሚቀጥለው ጉንፋን። ወጣቱ መምህሬ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እንኳን ልሸኘው አልወጣሁም፤ ማር ሻጭ ወንድሙም ይኖራል ብዬ። ሚኒስትር ፊት ከመቆም በዚያ ማር ሻጭ ፊት መቆም ይብስብኝ ነበር።

ውጤቱ የመጣው መስቀል ሰሞን ነው። አልፌያለሁ፤ ሒሳብን ለጥቂት። ዲሬክተሩ እጄን ጨበጠኝ፣ ባለቤቴ አለቀሰች፣ ልጆቼ «አባባ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት። ሥራዬ ተረፈ። ለአራት ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ወረቀት አለቀ። እኔ ግን ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤ ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው እያልኩ እቆጥር ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ወጣሁ። የምለውን መንገድ ላይ ስደጋግመው ነበር። በኦሮምኛ ልለው፤ ሳላጎድል፣ ሳላሳምር፤ ያን ቀን ያልከኝን ሰምቼሃለሁ፣ ገብቶኝ ነበር፣ ልለው። ገበያው ዳር፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ፣ ማሩን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ቆሟል። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አነሳ። እኔ አፌን ስከፍት የደጋገምኩት ሁሉ ጠፋ።

እሱ ቀደመኝ። አምስት ዓመት ራሱን በመነቅነቅ ብቻ የመለሰልኝ ሰው በኦሮምኛ «ወንድሜ ሰሌዳ ላይ አወጣዎት አሉ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት በዚያው ቋንቋ። ከእናቴ ሞት በኋላ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩበትም ነበር።

«እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር አለኝ።»

«አዎ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ሶዳታኒ?» አለ። ፈርተው ነበር? ማለቱ ነው።

«በጣም» አልኩት። «በጣም ፈርቼ ነበር።»

ጣሳውን ሞላ፤ እንደ ልማዱ በላዩ ጨመረ፤ በቅጠል ጠቅልሎ አቀበለኝ።

«እኔም» አለና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረ።